የሚያረፍድ፣ የሚውል፣ የሚያድር

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በረመዳን የምሠራበት ሽቶ ቤት የሚዘጋው ከጎህ በፊት ለሚበላው ለሱሑር ሲቃረብ ስለሆነ ሰው ከአልጋው ሲነሳ ነው እኔ የምተኛው፣ እዚህ ዐረብ አገር ሻርጃ ቀኑን ሌሊት አድርጌዋለሁ፣ ወፍራሙን መጋረጃ ስቤ ፀሐይዋን ሸውጃታለሁ፣ ራሴን መሸወድ ነው ያቃተኝ። ስልኩ ደረቴ ላይ ነው። ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ማዶ የተኛችውን ሰኚን እንዳይቀሰቅስብኝ ብዬ ዝቅ፣ ከዚያ ደግሞ ባልሰማውስ ብዬ መልሼ ከፍ። ሰኚ የነቀምት ልጅ ናት፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ አድራ ስትመጣ ትራሱን ሳትነካው ነው እንቅልፍ የሚወስዳት፣ በዚህ እቀናባታለሁ። እናቴ ዛሬ እንጦጦ ትወጣለች። ሰው እንጦጦ የሚወጣው ሊሳለም ነው፣ አየር ሊቀበል ነው፣ ፎቶ ሊነሳ ነው፤ እናቴ ግን በጾም አንጀቷ የምትወጣው ልታሸት ነው። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዟት ሰነበተ፣ ጉንፋኑ ሲሄድ ሽታን ሁሉ ይዞባት ሄደ። እናቴ ከይሪያ ደግሞ ሽቶ ሻጭ ናት። ጎረቤት ነጋዴ ሚዛን አለው፣ ሜትር አለው፣ የእሷ ሚዛን አፍንጫዋ ነበር። አሁን ሽሮ ሜዳ ደርሰው ይሆናል። ወይ ገና መገናኛ ሰልፍ ላይ ናቸው። ጎረቤቷ እትዬ አገርነሽ አብረዋት ስለሆኑ አትጠፋም፣ ግን አንዷ ተስፋ ቆርጣ ሌላዋን ይዛ ብትመለስስ?

ሱቃችን አዲስ አበባ፣ ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ መደዳ ነው። በቀኝ ጎማ ይነፋል፣ በግራ የእትዬ አገርነሽ የልብስ ስፌት መኪና ያንዷዷል፣ መሃል ላይ እንደ ጥርስ የተደረደሩ የእማ ብልቃጦች። ልጅ ሆኜ እዚያ ባንኮኒ ሥር ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፣ ከላዬ እማ ደንበኛ ታነጋግራለች። «ሽቶ በስሙ አይገዛም» ትላለች፣ «መጀመሪያ እስከ መቼ እንዲቆይልሽ እንደምትፈልጊ ንገሪኝ።» ለእማ ሽቶ የሚያረፍድ፣ የሚውል፣ የሚያመሽና የሚያድር ነው፣ ሌላ ስም አታውቅለትም። የሚያረፍደው ኮሎን ነው፣ አልኮሉ የሚበዛ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ እንደ መታጠብ ያለ፤ ፀጉር ቤቶች ይገዙታል፣ ረፋዱ ላይ ፈልገሽ አታገኚውም። የሚውለው ለተማሪና ለቢሮ ሠራተኛ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ጎረቤትን የማያስቀይም፣ ከምሳ በኋላ እየሳሳ የሚሄድ። የሚያመሸው ለተጋበዘ ሰው ነው፣ ከሰዓት ተነፍቶ ማታ ላይ ነው ልኩን የሚያገኘው፣ ስለዚህ ክዳኑን ከፍተሽ ወዲያው አትፍረጂበት፣ ልብስ ላይ ሳይሆን ገላ ላይ አድርገሽ ሰፈሩን ዞረሽ ነይ ትላለች። የሚያድረው ዘይቱ ነው፣ ዒጥር የሚሉት፣ አልኮል የሌለበት፣ በጣት ጫፍ ከጆሮ ኋላ የሚቀባ። እሱ ክፍል አይሞላም፣ አይጮህም፤ የሚያገኘው ያቀፈሽ ሰው ብቻ ነው። እትዬ አገርነሽ መጀመሪያ ሰሞን «ከይሪያ፣ ይሄ የምትሸጪው አጥር የግቢ ነው የመንገድ?» ብለው ሲያሾፉባት፣ እማ አንገታቸው ላይ ጠብ አድርጋላቸው፣ በማግስቱ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ «አጥርሽ እኮ አደረ!» ብለው እየሳቁ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ጓደኛሞች ናቸው።

እዚህ ሥራ ስጀምር ያሠለጠነችን ናዲያ የምትባል ሞሮኳዊት ናት፣ አሁንም አለቃዬ ናት። ጠርሙሶች ደርድራ ኦ ደ ኮሎን፣ ኦ ደ ትዋሌት፣ ኦ ደ ፓርፋም፣ ፓርፋም እያለች በጣቷ ትነካቸዋለች፣ ልዩነታቸው አልኮሉ ውስጥ የገባው ዘይት መጠን ነው ትላለች፣ አንዱ ሽቶ ራሱ በቀጭኑም በወፍራሙም ሊመጣ ይችላል፣ ገዢው ስሙን ብቻ አይቶ ቀጭኑን ወስዶ ወፍራሙን ገዛሁ ብሎ እንዳይሄድ ጽሑፉን አሳዩት ትላለች። እኔ በሆዴ ያረፍዳል፣ ይውላል፣ ያመሻል፣ ያድራል እያልኩ እከተላታለሁ። የእጅ አንጓችሁ ላይ ነፍታችሁ አትፈትጉ ስትል አገሬ የገባሁ መሰለኝ፣ እማ ለዚህ ነገር ስንት ጊዜ እጄን መትታኛለች። ትናንት አንድ ሰውዬ መጥቶ «ከሁሉም ጠንካራውን ስጪኝ» አለኝ። የት ነው የሚሠሩት አልኩት። ትንሽ ቢሮ፣ አራት ሰዎች ሆነን፣ መስኮት የለውም አለ። «እንግዲያው ጠንካራው ሦስቱን ሰዎች ያስወጣልዎታል» አልኩት፣ ሳቀ፣ የሚውለውን ገዝቶ ሄደ። ናዲያ ከሩቅ እያየችኝ ነበር፣ የማን ትምህርት ነው አለችኝ። የእናቴ ማለቱን ትቼ ጠርሙስ መወልወል ያዝኩ።

ምክንያቱም ያኔ ታኅሣሥ ላይ እትዬ አገርነሽ ይደውሉልኛል። እሳቸው ደውለውልኝ አያውቁም። «ሀፊዝዬ፣ አትደንግጪ» አሉኝ፣ በዚህች ቃል የማይደነግጥ ማን ነው? «እናትሽ ደህና ናት፣ ብቻ ዛሬ ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ሆነና ልቤ አልችል አለ።» ሀውላ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ሙሽራ ናት፣ ለሠርጓ ነጭ ሚስክ የሚባለውን ለስላሳ ዘይት ብላ ትገዛለች፣ በማግስቱ አክስቷ ብልቃጡን ይዛ ትመጣለች። «ከይሪያ፣ እኛ ያለችን ሙሽሪት ናት፣ አንቺ የሰጠሽን ሙሽራውን ነው!» ትላለች። እማ ለሽማግሌዎች የምትሸጠውን ከባዱን ዑድ ነው የሰጠችው። ብልቃጦቿ ላይ ጽሑፍ የለም፣ እየከፈተች በአፍንጫዋ ነው የምትለየው። «እሺ ቀይሬ እሰጥሻለሁ አለች» አሉኝ እትዬ አገርነሽ፣ «ከዚያ ዞራ መደርደሪያውን ማየት ጀመረች። ዝም ብላ አየች፣ አየች። አንዱን አነሳች፣ መለሰች። እኔ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። በመጨረሻ አክስትየዋን ራስሽ አሽትተሽ ምረጪ አለቻት። ከይሪያ! ደንበኛ ጠርሙስ ሲነካባት የምትቆጣው ከይሪያ!»

እደውላለሁ። ፊቷ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ከኋላዋ ብልቃጦቹ። «እማ፣ እስኪ ከአጠገብሽ ያለውን ክፈቺው። ምን ይላል?» አልኳት። «ምን ይላል ትለኛለች እንዴ፣ ሽቶ ነዋ የሚለው።» «እማ።» «ደንበኛ መጣ፣ በኋላ...» «እማ፣ ማንም የለም፣ እያየሁሽ ነው።» መነጽሯን አወለቀች፣ መነጽሯን ስታወልቅ ልጅ ትመስላለች። «ምንም አይልም፣ ሀፊዛ» አለችኝ። «ሁሉም ዝም ብለውኛል። ቅርንፉድ ዝም፣ ሽንኩርት ዝም። የምበላው ወረቀት ነው። ሰጋጃዬ ላይ ግንባሬን ስደፋ እንኳ ባዶ ነው። ቀለማቸውን አይቼ ነበር የምሸጠው፣ ትናንት ቀለሙ ተመሳሰለብኝ።» ለምን አልነገርሽኝም? «ለማን ልንገር? ሽቶ ሻጯ አፍንጫዋ ሞተ ቢባል ማን ይገዛኛል? አንቺስ ሥራሽን ጥለሽ ብትመጪብኝስ?» መስከረም ላይ በሰው የላክሁላትን ሽቶ አስታወስኩ። በቪዲዮ ፊቴ ከፍታ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ነው!» ብላኝ ነበር፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንዲያ አሳምራ። እኔ ደስ ብሎኝ ለሰኚ አወራሁ። ሽቶ አሽትቶ ለመኖር የመጣሁ ሰው የእናቴ አፍንጫ መጥፋቱን ወራት ሙሉ አላወቅሁም፤ ስልክ ሽታ አያስተላልፍም እንጂ ድምፅ ያስተላልፋል፣ ድምፁን እንዴት አልሰማሁትም እያልኩ ነው ይኸው እስካሁን የምገላበጠው።

ወንድሜ ሙዓዝ ሲሰማ ክፉ አላሰበም። ጉርድ ሾላ ነው የሚሠራው፣ ልጆች አሉት፣ እማን ከሁላችንም በላይ የሚያያት እሱ ነው። «ሱቁን ለስልክ ጠጋኝ እናከራየው፣ እሷ ትረፍ፣ ሰው ፊት አትዋረድ» አለኝ። እኔ ከዚህ ሆኜ ምን እላለሁ? የሌለ ሰው ድምፁ ቢጮህም ክብደት የለውም። «ትንሽ ጊዜ ስጣት» አልኩት። «ለምን ይሆናል ጊዜው?» አለኝ። እዚህ ሆስፒታል ደወልኩ፣ ለዐረብኛ አንድን፣ ለእንግሊዝኛ ሁለትን፣ ከዚያ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከዚያ የታማሚው ቁጥር፣ ታማሚዋ እኮ እዚህ አይደለችም፣ ታማሚዋ ወሰን ነው ያለችው፣ ለወሰን ስንትን ልጫን? ማሽኑ አመስግኖኝ ዘጋ። በመጨረሻ የነገረችኝ ናዲያ ናት። የእሷም እህት እንዲሁ ሆና ነበር፤ እናትሽን ሐኪም አሳዩአት፣ ከዚያም በየቀኑ ጠዋትና ማታ የምታውቃቸውን ጠረኖች እየለየች ታሽት፣ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባህር ዛፍ፣ እያሸተተች እነሱን ታስብ፣ አፍንጫም እንደ እግር ነው፣ ተሰብሮ ከተነሳ በኋላ መሄድ ይለማመዳል አለችኝ። ለሁሉም አይመለስም፣ ለብዙዎች ግን ይመለሳል አለች። ያንን «ብዙዎች» የሚለውን ቃል ይዤ ወጣሁ።

ሙዓዝ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት፣ ሐኪሙም ያንኑ አላት። የጽጌረዳውን ሽቶ ከዚህ ልልክላት ካርጎ ሄድኩ። ሰውዬው ጠርሙሱን አገላብጦ አይቶ መለሰልኝ፣ አልኮል አለው፣ ተቀጣጣይ ነው፣ አይሄድም። ተመልሼ ዘይቱን አመጣሁለት። ይሄስ? ይሄ ይሄዳል አለ። ለካ የሚያድረው ነው አገር የሚያቋርጠው። እማ ግን ብልቃጡ ደርሷት ተቆጣችኝ። «አስተማሪ ሆነሽ መጣሽብኝ? ሎሚን ሎሚ መሆኑን ልማር ነው በዚህ ዕድሜዬ?» ስልኩን ዘጋችው። እትዬ አገርነሽ ናቸው ያሸነፏት። ጠዋት ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ቅርንፉዱን በእጃቸው ጨብጠው ይገቡና «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ይሏታል። «አላውቅም።» «ገምቺ።» «የአንቺ እጅ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን!» ይሳሳቃሉ። እሳቸው በሁዳዴ፣ እሷ በረመዳን፣ ሁለቱም ጾመኛ ሆነው የማይበላ ሎሚ ሲያሸቱ ይውላሉ። ሳምንታት አለፉ። በየቀኑ እደውላለሁ፣ በየቀኑ «ዝም ነው» ትለኛለች፣ ድምፅዋ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። ልምጣ አልኳት። «መጥተሽ ምን ታደርጊያለሽ፣ አፍንጫሽን ትሰጪኛለሽ? ለዒድ ትመጫለሽ ከተባለ ለዒድ ነይ።» ትናንት ማታ ሥራ ልገባ ስል እትዬ አገርነሽ መልእክት ላኩልኝ፣ «ይህን ቅጠል በጠርሙስ ከምናሸታት ጫካው ውስጥ ትቁም ብያለሁ። ነገ እኔ ማርያምን እሳለማለሁ፣ እሷ ባህር ዛፉ ሥር ትቆየኛለች። እምቢ ካለች ጎትቻት እወጣለሁ።» ሙዓዝ ደግሞ ስልክ ጠጋኙ ዛሬ ከሰዓት ሱቁን ሊያይ ይመጣል ብሎኛል። ሁለቱም ዛሬ።

መጋረጃው ጠርዝ ላይ ቀጭን ብርሃን አለ። እማ ጫካው ውስጥ ቆማ ይታየኛል፣ ጥቁር ጫማዋ፣ ሻርፗ አፏ ላይ፣ ብርዱ። ቅጠል ስትረግጥ። ረጃጅሙ ዛፍ ሁሉ ዝም ሲላት። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ወስዳኝ ነበር፣ ደረቅ ቅጠል ከመሬት አንስታ በመዳፏ አሽታ አፍንጫዬ ሥር አድርጋ... ስልኩ ጮኸ። ደረቴ ላይ ስለነበረ ልቤ የጮኸ ነው የመሰለኝ።

«እማ?»

«ፍሬን!» አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ምን?»

«ፍሬን ሸተተኝ፣ ሀፊዛ! የተቃጠለ ፍሬን!»

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ከኋላዋ ሰው ይንጫጫል፣ ነፋስ አለ፣ የእትዬ አገርነሽ ድምፅ «ቀስ ብለሽ ንገሪያት፣ ልጅቷን ታስደነግጫታለሽ!» ይላል። ቀስ ብላ አልነገረችኝም። ጫካው ምንም አላላትም። እትዬ አገርነሽ ተሳልመው ተመልሰው ቅጠሉን እየቀነጠሱ፣ እያሹ፣ አፍንጫዋ ሥር ቢያደርጉላት ምንም። «በቃኝ አልኳት» አለች እማ፣ «በቃኝ አገርነሽ፣ ደከመኝ፣ ሱቁን ለሙዓዝ እለቅለታለሁ አልኩና ሚኒባስ ገባን። ቁልቁለቱን ስንጀምር አንድ ነገር አፍንጫዬን ነከሰኝ። መጀመሪያ ያመመኝ መሰለኝ እኮ! ሹፌር፣ የሚቃጠል ነገር አለ አልኩት። ቅጠል ነው እናቴ፣ ማዶ ቅጠል እያቃጠሉ ነው አለኝ። ሰዉም አዎ ጭስ ነው፣ ቅጠል ነው አለ። ቅጠል አይደለም! አልኩ። ጋራዥ አጠገብ ዕድሜዬን የኖርኩ ሰው ፍሬን አላውቅም? ሰውዬው መንዳቱን ቀጠለ። እኔም ወራጅ አለ! ብዬ ጮኽኩ።»

«ሁላችንም ነው የደነገጥነው» አሉ እትዬ አገርነሽ ከጎን።

«ቆመ። ወርዶ ቢያየው የኋላ ጎማው ይጨሳል። ፍሬኑ ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። ከፊታችን ያ ጠማማው ቁልቁለት፣ መኪናው ሙሉ ሰው። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ሰው በእግሩ ነው የቆመው። ቆይ፣ ሹፌሩ ያናግርሽ።»

«እማ፣ ምን ብሎ ያናግረኛል...» ሳልጨርስ የወንድ ድምፅ መጣ። «ሄሎ፣ እህቴ፣ ግሩም እባላለሁ» አለኝ። «እናትሽ ምን ዓይነት አፍንጫ ነው ያላት? እኔ መሪ ይዤ አልሸተተኝም፣ ጉንፋን ይዞኛል። በመድኃኔዓለም፣ አሥራ ምናምን ሰው ነው ያተረፈችው።» ምን ልበለው? የሞተ አፍንጫ ነው ልበለው? አፌን በእጄ ይዤ ሳቄ ይሁን ልቅሶዬ ያልታወቀ ነገር ወጣ፣ ሰኚ ብድግ አለች። «ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» «ማንም፣ ፍሬን» አልኳት፣ «እናቴ ፍሬን ሸተታት!» ፀጉሯ ተንጨባሮ አየችኝ፣ ከዚያ ነገሩ ገባት፣ ወሬዬን ለወራት ስትሰማ የኖረች ልጅ ናት፣ አልጋዬ ላይ ዘላ መጥታ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጠፈች።

እማ ስልኳን ተቀብላዋለች። «ሽቶዎቹ ገና ናቸው፣ እንዳትሸወጂ» አለችኝ፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ቅጠሉን መልሼ ሞክሬዋለሁ፣ ዝም ነው። ፍሬኑ ብቻ ነው። ግን መጣ ሀፊዛ፣ አንድ ነገር መጣ። የመጀመሪያው ክፉ ሽታ ይሁን፣ ምን ቸገረኝ፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ አወቅሁ።» ናዲያም እንዲሁ ነው የሚመለሰው፣ መጀመሪያ የሚቃጠለው፣ የሚከረፋው ነው ብላኝ ነበር፤ ይህን ለእማ ስነግራት «የናዲያ እህትስ?» አለች። «እህቷ ዛሬ ወጥ ቀምሳ ጨው በዛ የምትል ሆናለች» አልኳት። ከዚያ የነጋዴ ድምፅዋ፣ ከክረምት ወዲህ ያልሰማሁት፣ «ይሄን ሹፌር ሱቅ ና ብዬዋለሁ። ቤንዚን ሲሸት የሚውል ሰው የሚያድረውን ነው የሚፈልገው፣ የሚያረፍደው መሪው ላይ ነው የሚቀርበት። አገርነሽ ታሸትልኛለች፣ እኔ እሸጣለሁ። ብልቃጦቹ ላይ ደግሞ ጽሑፍ ይለጠፍባቸዋል፣ ኩራቴ ይቅርብኝ።»

«ሙዓዝ ዛሬ ሰውዬውን ይዞ...»

«የቱን ሰውዬ?»

«ሱቁን የሚከራየውን።»

«የማንን ሱቅ?» አለች እናቴ።

ሰኚ ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እሺ ልዝጋ፣ በእግራችን ነው የምንወርደው፣ ይሄ መኪና ዛሬ አይነሳም። ለዒድ ትኬትሽን ያዢ፣ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ፣ ዘይት አምጪ» አለችኝ። ዘጋሁ ብላ ሳትዘጋው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔም አልዘጋሁም። ጨርቅ ለጨርቅ ሲፋተግ ይሰማኛል፣ ከዚያ ጫማቸው፣ ጠጠሩ፣ የሁለት ጾመኛ ሴቶች ትንፋሽ። «ሌላ መኪና እንጠብቅ፣ ጉልበቴን» ይላሉ እትዬ አገርነሽ። «እግር ተሰጥቶሽ!» ትላለች እማ። ከፊታቸው አንድ ሰው ሰላም ይላቸዋል፣ ይመልሳሉ፣ ይራመዳሉ። ሰኚ ክንዴን ይዛኛለች። ጫማው ቆመ።

«ቆዪ» አለች እማ።

«ደከመሽ? ብዬሽ ነበር እኮ...»

«ዝም በይ እስኪ፣ አገርነሽ። ዝም በይ።»

ነፋሱ ብቻ ቀረ። ከዚያ በቦርሳው ጨርቅ በኩል፣ አጭር፣ ወደ ውስጥ የሚስብ ትንፋሽ። አንድ ጊዜ። ደግሞ ረዘም ያለ። ሰኚ «ምን እያለች ነው?» ልትለኝ አፏን ስትከፍት ጣቴን ከንፈሯ ላይ አደረግሁ። እናቴ እያሸተተች ነው።